የኤስ ኤስ ዲ አመራረጥ፤ በካርቶኑ ላይ ስለ ተጻፈው ቁጥርና በውስጡ ስላለው ዕቃ

ኮምፒውተር ለተማሪ እንደ ደብተርና እንደ ብዕር አስፈላጊ ዕቃ ከሆነ ወዲህ፣ ስለ ኮምፒውተር ዕቃዎች አመራረጥ የሚጻፈውና የሚነገረው እጅግ በዝቷል። ይሁን እንጂ የጽሑፉ መብዛት የገዢውን ዕውቀት በዚያው ልክ አላበዛውም። በተለይም ኤስ ኤስ ዲ ስለሚባለው የመረጃ ማከማቻ የሚቀርቡት ማስታወቂያዎችና ግምገማዎች አብዛኛዎቹ አንድን ቁጥር ይዘው የሚሮጡ ናቸው፤ ይኸውም ዕቃው በአንድ ሴኮንድ ስንት ሜጋባይት ያነባል የሚለው ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ይህ ቁጥር ለዕለት ሥራ ለሚገዛ ሰው እውነተኛ መመዘኛ ይሆናል ወይስ አይሆንም የሚለውን ጥያቄ ነው። የእኛ አሳብ አይሆንም የሚል ነው፤ ምክንያታችንንም በየተራ እናቀርባለን።

የዕለት ሥራ ስንል ምን ማለታችን እንደ ሆነ አስቀድመን መወሰን ይገባናል። የዕለት ሥራ የምንለው ጽሑፍ መጻፍን፣ የሒሳብ ሠንጠረዥ መሥራትን፣ ኢንተርኔት መመልከትን፣ መጻሕፍትን በኮምፒውተር ማንበብን፣ ፊልም ማየትንና ሙዚቃ መስማትን፣ አልፎ አልፎም ፎቶግራፍ ማስተካከልን ነው። ቀኑን ሙሉ ፊልም የሚያቀናብር ባለሙያ ወይም ትልቅ የመረጃ ቋት የሚያስተዳድር መሥሪያ ቤት ሌላ ችግር አለው፤ ሌላም መመዘኛ ያስፈልገዋል። እኛ የምንናገረው ስለ ብዙኃኑ፣ ይልቁንም ባለው ጥቂት ገንዘብ አንድ ጊዜ ገዝቶ ለብዙ ዓመት ሊጠቀምበት ስለሚያስብ ተማሪ ነው። እንዲህ ያለው ገዢ ምርጫው ቢበላሽበት በሁለተኛ ግዥ ሊያርመው አይችልም፤ ስለዚህ ጉዳዩ ለእርሱ የጨዋታ ነገር አይደለም። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስታውስልን።

ሁለቱ የማከማቻ ዓይነቶች

ሃርድ ዲስክ የተባለውን ማከማቻ ለመጀመሪያ ጊዜ ለገበያ ያቀረበው አይ ቢ ኤም የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሲሆን፣ ዘመኑም 1956 ነበር። ያ የመጀመሪያው መሣሪያ 50 ክብ ሳሕኖች ነበሩት፤ ጠቅላላ ይዘቱም 5 ሚሊዮን ፊደላት ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ መጠኑ እጅግ አንሶ ይዘቱ እጅግ ቢበዛም የአሠራሩ መሠረት አልተለወጠም። ሳሕኑ ይሽከረከራል፤ የንባብ ክንድ በላዩ ይመላለሳል፤ የተፈለገው መረጃ ከክንዱ ሥር እስኪደርስ ድረስም ኮምፒውተሩ ይጠብቃል።

የዚህን ጥበቃ ርዝመት በቀላል ሒሳብ ማስላት ይቻላል። በላፕቶፕ ውስጥ በብዛት ይገባ የነበረው ሃርድ ዲስክ በደቂቃ 5,400 ጊዜ ይዞራል፤ ይህም በሴኮንድ 90 ዙር ነው። አንዱ ዙር 11 ሚሊ ሴኮንድ ያህል ስለሚፈጅ፣ የተፈለገው ቦታ እስኪመጣ ድረስ በአማካይ ግማሽ ዙር፣ ማለት 5.6 ሚሊ ሴኮንድ መጠበቅ ግድ ነው። ክንዱ ከቦታ ወደ ቦታ ለመሄድ የሚወስደው 12 ሚሊ ሴኮንድ ያህል ሲጨመርበት፣ ለአንድ ንባብ ከ17 ሚሊ ሴኮንድ በላይ ይሆናል። እንግዲህ እንዲህ ያለው ዲስክ ተበታትነው የተቀመጡ ትንንሽ ነገሮችን አንድ በአንድ ሲያነብ በሴኮንድ 60 ንባብ እንኳ አይሞላም።

ኤስ ኤስ ዲ ግን የሚሽከረከር አካል የለውም። መረጃው የሚቀመጠው ናንድ ፍላሽ በሚባል ቺፕ ውስጥ ነው። ይህን የፍላሽ ዓይነት የፈለሰፈው በቶሺባ ኩባንያ ይሠራ የነበረው ጃፓናዊው ፉጂዮ ማሱኦካ ሲሆን፣ ለጉባኤ የቀረበውም በ1987 ነው። በውስጡ የኤሌክትሪክ ምልክት እንጂ ክንድ ስለማይመላለስ፣ መካከለኛ የሚባል ኤስ ኤስ ዲ አንዲት ትንሽ ንባብ በ0.1 ሚሊ ሴኮንድ ያህል ይፈጽማል። በሃርድ ዲስኩ 60 ያልሞላው የሴኮንድ ንባብ እዚህ እስከ 10,000 ይደርሳል ማለት ነው።

ልዩነቱ ከ150 እጥፍ በላይ ነው። አሮጌ ላፕቶፕ ሃርድ ዲስኩ ወጥቶ ኤስ ኤስ ዲ ሲገባለት እንደ አዲስ የሚነቃው በዚህ ምክንያት ነው፤ ዊንዶውስ ሲነሣም ሆነ አንድ ፕሮግራም ሲከፈት የሚነበቡት በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ትንንሽ ቁርጥራጮች ናቸውና። ይህ ጥቅም ግን ከሃርድ ዲስክ ወደ ማናቸውም ደኅና ኤስ ኤስ ዲ በመሻገር የሚገኝ መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል። ክርክራችን የሚጀምረው ከዚህ በኋላ፣ ከኤስ ኤስ ዲዎች መካከል የትኛው ይሻላል በተባለ ጊዜ ነው።

ትልቁ ቁጥር የሚለካው ምንድን ነው?

ዛሬ ለዕለት ሥራ የሚቀርቡት ኤስ ኤስ ዲዎች በሁለት ዋና ዋና ክፍሎች ይመደባሉ። አንደኛው ሳታ በሚባለው የቆየ መገናኛ የሚሠራ ሲሆን፣ መገናኛው ራሱ ስለሚያግደው በሴኮንድ ከ560 ሜጋባይት እምብዛም አያልፍም። ሁለተኛው ፒ ሲ አይ ኢ በሚባለው መገናኛ፣ በ2011 በወጣው ኤን ቪ ኤም ኢ በተባለ ደንብ የሚሠራ ነው። የዚህኛው ፍጥነት እንደ ትውልዱ ይለያያል፤ ከፍተኛ ከሚባሉት መካከል የሦስተኛው ትውልድ 3,500፣ የአራተኛው ከ7,000 በላይ፣ የአምስተኛው ከ14,000 ሜጋባይት በላይ በሴኮንድ እንደሚያነብ በማስታወቂያው ይነገርለታል።

እነዚህ ቁጥሮች ሐሰት ናቸው አንልም። የሚለኩት ግን አንድ ትልቅ ፋይል ከጫፍ እስከ ጫፍ በተከታታይ፣ ብዙ ትእዛዝም ባንድነት ተሰልፎለት በሚነበብበት ጊዜ ነው። አንድ የጭነት መኪና ከአዲስ አበባ እስከ አዳማ በተዘረጋው የፍጥነት መንገድ ላይ ሲሮጥ የሚደርስበት ፍጥነት እውነተኛ ፍጥነት ነው፤ ዳሩ ግን ያው መኪና በመርካቶ ውስጥ ከሱቅ ሱቅ እየቆመ ዕቃ ሲያራግፍ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅበት አያመለክተንም። የዕለት ሥራችን ደግሞ በአብዛኛው የመርካቶው እንጂ የአዳማው መንገድ ዓይነት አይደለም።

ነገሩን በአኃዝ እንየው። ከፍ ብለን እንደ ገለጽነው ደኅና የሳታ ኤስ ኤስ ዲ በሴኮንድ 10,000 ትንንሽ ንባቦችን ያደርሳል። እያንዳንዱ ንባብ 4 ኪሎባይት ቢሆን ድምሩ 40 ሜጋባይት ነው። ፈጣን የሚባለው የኤን ቪ ኤም ኢ ዓይነት እንዲሁ አንድ በአንድ ሲጠየቅ እስከ 20,000 ያህል ቢያደርስ ድምሩ 80 ሜጋባይት ይሆናል። እንግዲህ በካርቶኑ ላይ 560 እና 7,000 ተብሎ ከ12 እጥፍ በላይ ሆኖ የታየው ልዩነት፣ በዕለት ሥራው ሲመዘን ወደ 2 እጥፍ ገደማ ወረደ። ይህም 2 እጥፍ ቢሆን ሙሉ በሙሉ ለተጠቃሚው አይደርስም። ፕሮግራም ሲከፈት የሚነበበውን ነገር መፍታትና በሥራ ላይ ማዋል የፕሮሰሰሩ ድርሻ ስለ ሆነ፣ ማከማቻው የቱንም ያህል ቢፈጥን ያ ጊዜ አይቀነስም። ስለዚህ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ጽሑፍ የሚጽፍና ኢንተርኔት የሚመለከት ሰው ልዩነቱን በዐይኑ ለመለየት ይቸገራል።

ፋይል መገልበጥስ? የሚል አንባቢ አይጠፋም። መገልበጥ በእርግጥ ተከታታይ ሥራ ነው። ነገር ግን መገልበጥ ሁለት ወገኖች አሉት፤ ፍጥነቱን የሚወስነውም ዘገምተኛው ወገን ነው። ዩ ኤስ ቢ 2.0 በሚባለው የቆየ ደንብ የሚሠራ ፍላሽ በተግባር በሴኮንድ ከ40 ሜጋባይት ብዙም አያልፍም። ከዚህ ፍላሽ ፊልም የሚገለብጥ ተማሪ የገዛው ኤስ ኤስ ዲ 560 ይሁን 14,000 ለውጥ አያገኝበትም። በቀጭን አንገት ከእንስራ የሚቀዳ ውኃ፣ ከሥር ያለው ጋን ስለ ሰፋ ብቻ ፈጥኖ አይወርድም።

ስለ ሴሎችና ስለ ጊዜያዊው ማረፊያ

ትልቁ ቁጥር የማይነግረን ሌላም ነገር አለ፤ እርሱም የመጻፍ ጉዳይ ነው። የፍላሽ ቺፕ መረጃን የሚይዘው ሴል በሚባሉ እጅግ ጥቃቅን ክፍሎች ነው። በአንዱ ሴል ውስጥ አንድ ቢት ብቻ ከተቀመጠ ሁለት የቻርጅ ደረጃዎችን መለየት ይበቃል። ሦስት ቢት ሲቀመጥበት 8፣ አራት ቢት ሲቀመጥበት 16 ደረጃዎችን መለየት ግድ ይሆናል። ሦስት ቢት የሚይዘው ቲ ኤል ሲ፣ አራት ቢት የሚይዘው ኪው ኤል ሲ ይባላል። አንዱን ጎተራ በስስ ግድግዳ ከፋፍሎ ብዙ ዓይነት እህል ማስቀመጥ ቦታ ይቆጥባል፤ አገባቡና አወጣጡ ግን ጥንቃቄና ጊዜ ይፈልጋል። ኪው ኤል ሲም እንዲሁ ነው፤ በርካሽ ብዙ ይይዛል፣ ሲጻፍበት ግን ይዘገያል፤ ቶሎም ያረጃል።

ፋብሪካዎቹ ይህን ድካም የሚሸፍኑበት ዘዴ አላቸው። ከቺፑ ከፊሉን በሴል አንድ ቢት ብቻ እየጻፉ እንደ ፈጣን ጊዜያዊ ማረፊያ ይጠቀሙበታል፤ ኮምፒውተሩ ሥራ ሲፈታም በማረፊያው ያለውን ወደ ዋናው ስፍራ ያዛውሩታል። የመጻፍ ፍጥነት ተብሎ የሚታወጀው የማረፊያው ፍጥነት ነው። ማረፊያው የሞላ ዕለት እውነተኛው ፍጥነት ይገለጣል።

ለዚህ ከአንድ ፋብሪካ የወጡ ሁለት ዕቃዎችን ማነጻጸር ይበቃናል። ሳምሰንግ በ2020 ያወጣው 870 ኪው ቪ ኦ ኪው ኤል ሲ ሲሆን፣ በ2021 ያወጣው 870 ኢቮ ቲ ኤል ሲ ነው። ሁለቱም በሳታ የሚሠሩ ናቸው፤ ለሁለቱም የሚነገርላቸው የመጻፍ ፍጥነት 530 ሜጋባይት በሴኮንድ ነው። ማስታወቂያውን ብቻ ያነበበ ሰው ሁለቱ እኩል ናቸው ብሎ ይፈርዳል። ነገር ግን ኩባንያው ራሱ በዝርዝር መግለጫው እንደ ጻፈው የ1 ቴራባይቱ ኪው ቪ ኦ ማረፊያ 42 ጊጋባይት ነው፤ እርሱ ከሞላ በኋላ ፍጥነቱ ወደ 80 ሜጋባይት ይወርዳል። የ1 ቴራባይቱ ኢቮ ግን በ530 ይቀጥላል። 100 ጊጋባይት ያለማቋረጥ ቢጻፍባቸው ኢቮ በ3 ደቂቃ ገደማ ሲጨርስ ኪው ቪ ኦ 13 ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል።

ይህን ስንል ኪው ኤል ሲ ፈጽሞ አይገዛ ማለታችን አይደለም። ለመሆኑ ከመካከላችን በአንድ ጊዜ 100 ጊጋባይት የሚጽፍ ማን ነው? ምናልባት አሮጌውን ዲስክ ወደ አዲሱ በሚያዛውርበት ዕለት አንድ ጊዜ ይሆን ይሆናል። የእኛ ተቃውሞ ስለ ዕቃው ሳይሆን ስለ አቀራረቡ ነው። ልዩነት ያላቸው ሁለት ዕቃዎች በዋናው ማስታወቂያ እኩል ሆነው ሲታዩ፣ ልዩነቱ ግን በጥቃቅን ፊደል ሲቀመጥ፣ ገዢው ዋጋውን በአግባቡ ለመመዘን አይችልም። ኪው ኤል ሲ ከቲ ኤል ሲ በዋጋ በግልጽ ካነሰ ለዕለት ሥራ ይበቃል፤ ዋጋቸው ከተቀራረበ ግን ቲ ኤል ሲውን ትቶ እርሱን ለመውሰድ ምክንያት አይገኝም።

ስለ ራም ያለውንም ባጭሩ እናንሣ። ኤስ ኤስ ዲ የትኛው መረጃ በየትኛው ሴል እንዳለ የሚያመለክት ማውጫ አለው። ይህን ማውጫ በራሱ ራም ላይ የሚይዝ አለ፤ ዋጋ ለመቀነስ ራም ያልተጨመረለትም አለ። በኤን ቪ ኤም ኢ በኩል ራም የሌለው ከኮምፒውተሩ ራም ጥቂት መዋስ ስለሚችል ለዕለት ሥራ ጉድለቱ ብዙ አይታወቅም። በሳታ በኩል ግን ይህ የመዋሻ መንገድ የለም፤ ስለዚህ ራም የሌለው ርካሽ የሳታ ኤስ ኤስ ዲ በተለይ እየሞላ ሲሄድ ይዘገያል።

ዕድሜውን ስለ መፍራት

ፍላሽ በተጻፈበት ቍጥር እያረጀ መሄዱ እውነት ስለ ሆነ፣ ብዙ ገዢዎች ኤስ ኤስ ዲ ቶሎ ያልቃል ብለው ይፈራሉ። ሻጮችም ይህን ፍርሃት ይዘው ውዱን ዕቃ ያስገዛሉ። ፍርሃቱ ምን ያህል መሠረት እንዳለው እንመርምር። ከላይ የጠቀስነው የ1 ቴራባይቱ ኢቮ እስከ 600 ቴራባይት ቢጻፍበት ወይም እስከ 5 ዓመት ድረስ ዋስትና ተሰጥቶታል፤ ለኪው ቪ ኦው 360 ቴራባይትና 3 ዓመት ነው። በቀን 20 ጊጋባይት የሚጽፍ ተማሪ አለ ብንል፣ ይህም ለዕለት ሥራ ብዙ ነው፣ በዓመት 7.3 ቴራባይት ይሆናል። እንግዲህ ኢቮውን ለመጨረስ 82 ዓመት፣ ኪው ቪ ኦውን ለመጨረስ 49 ዓመት ያስፈልገዋል።

የተግባር ፈተናም ይህን ያጠናክረዋል። ቴክ ሪፖርት የተባለው የአሜሪካ መጽሔት ከ2013 እስከ 2015 ድረስ በስድስት ኤስ ኤስ ዲዎች ላይ እስኪሞቱ ድረስ ያለማቋረጥ ሲጽፍባቸው ቆይቷል። ይዘታቸው ከ240 እስከ 256 ጊጋባይት ብቻ ነበር፤ ሆኖም ስድስቱም ከ700 ቴራባይት አለፉ፤ ሁለቱም 2,000 ቴራባይትን ተሻገሩ። ስለዚህ ለዕለት ሥራ የሚገዛ ሰው 600 ይሻላል 1,200 እያለ ቢጨነቅ በከንቱ ይደክማል።

ኤስ ኤስ ዲ የሚሞተው በአብዛኛው በመጻፍ ብዛት አይደለም። ኮንትሮለር የሚባለው ተቆጣጣሪ ቺፕ ሲበላሽ፣ በውስጡ ያለው ፕሮግራም ሲሳሳት፣ ወይም ኤሌክትሪክ በድንገት ሲቋረጥ ነው። ይህ የመጨረሻው ነገር ለእኛ አገር ተጠቃሚ በተለይ የሚያሳስብ ነው። ለመሥሪያ ቤቶች የሚሠሩት ውድ ዓይነቶች መብራት ሲጠፋ የተጀመረውን ጽሕፈት የሚያስጨርስ ኃይል በውስጣቸው ይይዛሉ፤ ለግል የሚሸጡት ግን በአብዛኛው ይህ የላቸውም። ላፕቶፕ ባትሪው ይጠብቀዋል፤ ባትሪው የሞተ ላፕቶፕና በጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ኮምፒውተር ግን የተጋለጡ ናቸው።

የአሟሟቱም ነገር ከሃርድ ዲስክ የተለየ ነው። ሃርድ ዲስክ ብዙ ጊዜ ከመሞቱ በፊት ያንኳኳል፣ ይንቋቋል፣ ይዘገያል። ኤስ ኤስ ዲ ትናንት ደኅና ሠርቶ ዛሬ ጠዋት ጭራሽ ላይታይ ይችላል። ከዚህም በላይ ትሪም በሚባለው አሠራር ምክንያት የተደመሰሰ ፋይል ሴሎቹ ስለሚጠረጉ፣ በሃርድ ዲስክ ዘመን ባለሙያ ጋ ሄዶ የጠፋውን የማስመለስ ተስፋ አሁን እጅግ መንምኗል።

ስሙ አንድ፣ ዕቃው ሌላ

እስካሁን የተናገርነው ገዢው በዕቃው ላይ የተጻፈውን በትክክል ካነበበ ሊደርስበት የሚችለውን ነው። ከዚህ የከፋው ግን በስሙ ሥር ያለው ዕቃ ራሱ ሳይነገር ሲለወጥ ነው፤ ከሁሉ የበለጠ ወቀሳ የሚገባውም ይህ ይመስለናል።

በ2014 ኪንግስተን ቪ 300 በተባለው ኤስ ኤስ ዲው ውስጥ የነበረውን ፈጣን የፍላሽ ዓይነት በዘገምተኛ መተካቱ ታወቀ፤ ስሙ ግን ያው ነበር። በ2021 ክሩሻል ፒ 2 የተባለው ዕቃ በመጀመሪያ ሲወጣ ቲ ኤል ሲ የነበረው በኋላ ኪው ኤል ሲ ሆኖ ተገኘ። በዚያው ዓመት ዌስተርን ዲጂታል ብሉ ኤስ ኤን 550 በሚባለው ዕቃው ፍላሹን ለወጠ፤ ማረፊያው ከሞላ በኋላ የሚጽፍበት ፍጥነትም ከ610 ወደ 390 ሜጋባይት ገደማ ወረደ። ኩባንያው ነገሩ ከተጋለጠ በኋላ ወደ ፊት እንዲህ ያለ ለውጥ ሲያደርግ አዲስ የሞዴል ቁጥር እንደሚሰጥ ተናግሯል። ተስፋው መልካም ነው፤ መጀመሪያውኑ መደረግ የነበረበት ግን ይኸው ነበር።

ለፋብሪካዎቹ የሚሟገት ሰው፣ ቺፕ በጠፋበት ዘመን የተገኘውን መጠቀም ግድ ነው፣ የተስፋ ቃሉም ዋናው የንባብ ፍጥነት እንጂ የቺፑ ዓይነት አልነበረም ሊል ይችላል። ቺፕ መለወጡን እኛም አንነቅፍም። የምንነቅፈው ስሙ ሳይለወጥ ዕቃው መለወጡን ነው። ስም ማለት በሻጭና በገዢ መካከል ያለ ውል ነው። በአንድ ስም ጤፍ ሲሸጥ የኖረ ነጋዴ አንድ ቀን በዚያው ከረጢት ሰርገኛውን ማኛ ብሎ ቢሰጥ፣ ጤፍ አልሸጠም ባይባልም አታለለ መባሉ አይቀርም።

በዚህ ረገድ ሒስ ጸሐፊዎቹም ከወቀሳ አያመልጡም። አንድ ኤስ ኤስ ዲ የሚገመገመው ብዙውን ጊዜ በወጣበት ሳምንት፣ ፋብሪካው ራሱ በላከው ናሙና ነው። ገዢው ግን ዕቃውን የሚገዛው ከአንድ ወይም ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። በመካከሉ ቺፑ ከተለወጠ፣ የተመሰገነው ዕቃ ሌላ፣ የተገዛው ዕቃ ሌላ ይሆናል፤ ምስጋናው ግን ባለበት ይቀመጣል። የሒስ ጸሐፊ ሥራ ናሙናውን መመዘን ብቻ ሳይሆን፣ ከሱቅ መደርደሪያ ላይ ያለውን ዕቃ በየጊዜው ገዝቶ እንደ ገና መመዘን ጭምር ነው። ከላይ የዘረዘርናቸው ለውጦች ሊታወቁ የቻሉት ይህን የሚያደርጉ ጥቂት ጸሐፊዎችና ንቁ ገዢዎች በመኖራቸው ነው።

ከዚህም የባሰው ግልጽ ማጭበርበር ነው። ውጭው 2 ቴራባይት የሚል፣ ውስጡ ግን ከዚያ እጅግ ያነሰ ቺፕ ያለበት፣ ኮምፒውተሩን ራሱን የሚያታልል ዕቃ በገበያ አለ። ፋይሉ የተጻፈ ይመስላል፤ መልሶ ሲከፈት ግን ባዶ ወይም የተበላሸ ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ዕቃው በተገዛ ዕለት እስከ ጫፉ በፋይል ሞልቶ መልሶ ማንበብ ነው። ይህ በነጻ በሚገኝ ፕሮግራም የሚሠራ ስለ ሆነ ጊዜ እንጂ ገንዘብ አያስወጣም። በነገራችን ላይ 1 ቴራባይት ተብሎ የተገዛው በዊንዶውስ ላይ 931 ጊጋባይት ሆኖ ቢታይ ይህ ማጭበርበር አይደለም፤ ፋብሪካው በ1,000፣ ዊንዶውስ በ1,024 ስለሚቆጥሩ ነው።

ከኮምፒውተሩ ጋር ስለ መጋጠሙ

ምርጫው ሁሉ ከኮምፒውተሩ መጀመር ሲገባው ከሱቁ ይጀመራል። ኤም 2 በሚባለው ቀጭን ቅርጽ የሚመጡት ኤስ ኤስ ዲዎች 22 ሚሊ ሜትር ስፋትና ብዙውን ጊዜ 80 ሚሊ ሜትር ርዝመት አላቸው። በዚህ ቅርጽ ሳታም ኤን ቪ ኤም ኢም ይሠራል፤ ሁለቱ ለዐይን ወንድማማች ሲመስሉ፣ ሳታ ብቻ በሚቀበል ማስገቢያ ኤን ቪ ኤም ኢው ቢገባ ኮምፒውተሩ አያየውም። እንደዚሁም የሦስተኛው ትውልድ ማስገቢያ ባለው ላፕቶፕ ላይ የአራተኛው ትውልድ 7,000 ቢገጠም የሚሠራው በ3,500 ገደማ ነው፤ ለቀረው የተከፈለው ገንዘብ የጠፋ ነው። ሃርድ ዲስክ ብቻ የሚገባበት አሮጌ ላፕቶፕ ያለው ሰው ደግሞ በ2.5 ኢንች ቅርጽ የተሠራውን የሳታ ዓይነት ያለ አሳብ ሊገዛ ይችላል፤ የሚያገኘው የ150 እጥፍ ጥቅም ከላይ የተናገርነው ነውና።

መደምደሚያ

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ምርመራ የምናገኘው ፍሬ ነገር እንዲህ ነው። ለዕለት ሥራ የሚገዛ ሰው በመጀመሪያ ኮምፒውተሩ የሚቀበለውን ዓይነት ይወቅ። ቀጥሎ ለሥራው የሚበቃውን ይዘት ይምረጥ፤ ጢም ብሎ የሞላ ኤስ ኤስ ዲ ስለሚዘገይ ጥቂት ትርፍ ቦታ ያስብለት። በሦስተኛ ደረጃ የሕዋሱን ዓይነት፣ ማለት ቲ ኤል ሲ ወይም ኪው ኤል ሲ መሆኑን በግልጽ የሚጽፍ ፋብሪካ ይመርጥ፤ ይህን የማይጽፍ ሻጭ ነገ ለመለወጥ በሩን ክፍት የተወ ነው። በመጨረሻም ስለ ዕቃው የተጻፈውን ግምገማ ሲያነብ ቀኑን ይመልከት፤ ከዚያ ወዲህ ዕቃው እንደ ተለወጠ ይጠይቅ። የካርቶኑ ትልቅ ቁጥር ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ይመጣል፤ ሌላው ሁሉ እኩል ሲሆንና ዋጋውም ሳይለይ ሲቀር ብቻ ይታይ።

በፍጥነቱ ቁጥር ያልወጣው ገንዘብ የት ይዋል? መልሳችን፣ በሁለተኛ ግልባጭ ላይ ይዋል የሚል ነው። ዋስትና የተበላሸውን ዕቃ ያስለውጣል፤ በውስጡ የነበረውን የመመረቂያ ጽሑፍ ግን አይመልስም። ሦስትና አራት ዓመት የተደከመበት ጥናት በአንድ ቺፕ ላይ ብቻ ተቀምጦ ያ ቺፕ 14,000 ሜጋባይት በሴኮንድ ማንበቡ ምን ይጠቅማል? ሣሩን አይቶ ገደሉን እንዳላየው በሬ መሆን ነው። ከአሮጌው ላፕቶፕ የወጣው ሃርድ ዲስክ ደኅና ከሆነ፣ በርካሽ የዩ ኤስ ቢ ማቀፊያ ተደርጎለት በየሳምንቱ ግልባጭ ቢቀመጥበት፣ ለፍጥነት የማይረባው ዕቃ ለጥበቃ ታማኝ ይሆናል። ፍላሽ ያለ ኤሌክትሪክ ለረዥም ጊዜ ሲቀመጥ የያዘውን ቻርጅ ቀስ በቀስ ስለሚያጣ፣ በመሳቢያ ለሚቀመጥ ግልባጭ ሃርድ ዲስኩ እንዲያውም የተሻለ ነው።

በፋብሪካዎችና በሒስ ጸሐፊዎች ላይ የሰነዘርነው ነቀፌታ ከጥላቻ የመጣ አይደለም። ኤስ ኤስ ዲ በአሮጌ ኮምፒውተር የሚሠራውን ተማሪ ከረዥም ጥበቃ ያወጣ ታላቅ የሥራ ውጤት ነው። ይህን ያህል መልካም ዕቃ ለመሸጥ ገዢው የማይጠቀምበትን ቁጥር ማጉላትና የሚጠቀምበትን መሸፈን ለምን አስፈለገ? ጥያቄውን ለአንባቢዎቻችን ፍርድ እንተወዋለን፤ ገዢ ሁሉ በሱቅ ፊት ቆሞ ስንት ይሮጣል ከማለት ይልቅ በውስጡ ምን አለ ብሎ መጠየቅ ከጀመረ ግን፣ ሻጩም ቢሆን መልሱን በካርቶኑ ላይ መጻፉ አይቀርም ብለን እናምናለን።